እርሳሱና የራሱ አፍንጫ

በዚያን ዘመን ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው ሁሉ ቆዳው እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሶ ይወጣ ነበር። ባለፎቶው ፎቶውን ከፖስታው አውጥቶ አገላብጦ ያይና፣ "አቤት ካሜራ! መልኬን እንዴት አድርጎ ነው ያወጣው!" ብሎ ይደነቃል። ካሜራው ግን በነገሩ እጁ የለበትም። ሥራውን የሠራው ከመጋረጃው በስተኋላ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሲያጎነብስ የሚውል፣ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ጫማው ዘወትር የተወለወለ፣ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሰውዬ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ሰው እርሳሱ ይለዋል።

የእርሳሱ ሥራ ኔጋቲቭ ማሳመር ነበር። ከሥሩ መብራት የሚበራበት ዘንበል ያለ መስተዋት ፊት ለፊቱ አለ። ኔጋቲቩን እዚያ ላይ ያስቀምጥና፣ በብርጭቆ ወረቀት ስሎ ስሎ ጫፉን መርፌ ያሳከለውን እርሳስ ይዞ ነካ፣ ነካ፣ ነካ ያደርገዋል። በኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩም ጥቁር ሆኖ ይታተማል። በሰው ጉንጭ ላይ የምትታየው ጥቁር ቀዳዳ ኔጋቲቩ ላይ እንደ ኮከብ ታበራለች። እርሳሱ ያቺን ኮከብ በእርሳሱ ጫፍ ያጠፋታል። ፎቶው ሲታተም ቀዳዳዋ የለችም፤ ባለጉንጩም የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚህ ዓይነት የከተማውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ደፍኖታል። የዳኛውን አፍንጫ፣ የዳይሬክተሯን አገጭ፣ የባንክ ቤቱን ሰውዬ ግንባር እንደ እጁ መዳፍ ያውቃቸዋል። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላምታ የሚሰጠው ዓይናቸውን እያየ ሳይሆን የደፈናቸውን ቀዳዳዎች እያየ ነበር። ዳኛው አንድ ቀን፣ "ይህ ሰውዬ ለምንድን ነው አፍንጫዬ ላይ እንዲህ የሚያፈጥብኝ?" ብለው ለባለ ስቱዲዮው ስሞታ አቅርበዋል ይባላል።

የራሱን አፍንጫ ግን የሚደፍንለት አልተገኘም። አባቱ ያወረሱት ትልቅ፣ ወዛም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተበሳሳ አፍንጫ ነበረው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ያው አፍንጫ በፊቷ መካከል ተተክሎ ሳለ፣ ለእሷ ጉዳይዋም አልነበረም። እሱን ግን ደስ ሲላት "ወንፊቴ" ትለዋለች። ሲከፋት ደግሞ፣ "አንተ ወንፊት!"

አርባን ካለፈ ወዲህ እህቱ ደስ የሚላት ቀን እያነሰ ሄደ።

"እስከ መቼ ነው ሸሚዝህን የምተኩስልህ? የሰው ፊት ስታሳምር ዕድሜህ አለቀ። አንድ ፊት ደግሞ ለራስህ ፈልግ እንጂ!" አለችው አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች።

"እትዬ፣ ማን ያየኛል ብለሽ ነው?"

"እኔ የማየው አነሰህ? ስማኝ። የጎረቤታችን የአክስት ልጅ አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የራሷ ቤት፣ የራሷ መኪና አላት።"

"መኪና?"

"የስፌት መኪና! ምን ያስደነግጥሃል? ፎቶህን ላክ ተብለሃል።"

ነገር እዚህ ላይ ተበላሸ። ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶውን ይልክና ይገላገላል። እርሳሱ ግን ባለ ስቱዲዮውን ለምኖ ፎቶ ተነሣና፣ የምሳ ሰዓት ጠብቆ የራሱን ኔጋቲቭ መስተዋቱ ላይ አስቀመጠ። አፍንጫው ከሥር በበራው መብራት እንደ ከዋክብት ሰማይ አብረቀረቀ። እርሳሱን ሳለ። ግራ ጎኑን ጥቂት ነካካ፤ አማረ። ቀኙን ቢተወው ሊጣላበት ሆነ፤ ቀኙንም ነካካ። ጫፉን ጨመረ። ለሰው ሲሠራ "ይብቃ" የሚለው እጁ ለራሱ ሲሆን ማቆሚያ አጣ። ፎቶው ሲታተም ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ በመካከሉም እንደ ሸክላ ሰሃን የሚያንጸባርቅ አንድ አፍንጫ ይታይበት ነበር።

"ውይ!" አለች እህቱ ስታየው። "ይሄ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንዳልክ" አለችና ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ከልብስ ሰፊዋ ዘንድም ፎቶ መጣ። እሷ የተነሣችው በሥራ ቦታዋ ነው፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ካሜራውን "ምን ፈለግህ?" የምትል ትመስላለች። ፎቶውን እርሳስ አልነካውም። ጉንጮቿ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች፣ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። የሰውዬው እጅ በልማድ ወደ እርሳሱ ሄደ። ከዚያም ቆመ። የትኛዋን እንደሚነካ ቢፈልግ፣ አንዲቱን ቢያነሣ ፊቷ የሷ መሆኑ የሚቀር መሰለው። በዕድሜው ሥራ የፈታው ያን ቀን ብቻ ነው። ፎቶውን ደረት ኪሱ ከተተና ቀኑን ሙሉ ኪሱን ሲዳብስ ዋለ።

ከፎቶው ጋር አንድ መልእክት ነበረ፤ በጎረቤቲቱ አፍ የመጣ። "ሰውየው አፉን ገጥሞ ነው የተነሣው። ጥርስ አለው ወይ? የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ለምሳ መጥቼ አያለሁ።"

ያን ጊዜ እርሳሱ ጉድ እንደ ፈላበት ገባው። ከዚያ በፊት ሥራው ፎቶን ከሰው ፊት አስበልጦ ማሳመር ነበር። አሁን የሰውን ፊት ከፎቶው ጋር ማስተካከል ሊኖርበት ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ሆና ቅንድቧን ሰቅላበታለች። አፍንጫዬን አይታ "ይህ አታላይ ነው" ብላ ብትመለስስ? ከዚህ በኋላ ሌላ ፎቶ ኪሱ እንደማይገባ ያውቅ ነበር።

እህቱ ወገቧን አሥራ ተነሣች።

"የእንቁላል ነጭ!" አለች። እንቁላሉን ሰብራ፣ ነጩን መትታ፣ ፊቱን እንደ ግድግዳ ለሰነችው። "እስኪደርቅ እንዳትናገር፣ እንዳትስቅ። ከሳቅክ ይሰነጠቃል።" ፊቱ ተወጠረ፤ ቀዳዳው ሁሉ የተሰበሰበ መሰለው፤ ተስፋ አደረገ። እህቱ ግን ከፊቱ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችውና፣ "አባዬ በሳሙና ፊታቸውን ሲታጠቡ ፎጣ ፍለጋ በሩን ስተው ቁም ሣጥን ውስጥ የገቡት ትዝ ይልሃል?" አለችው። ፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። እንቁላሉ ከነሳቁ ታጥቦ ሄደ፤ ቀዳዳዎቹ ካሉበት ፈቅ አላሉም።

በማግስቱ ሎሚ ሆነ። ሎሚው አፍንጫውን አቃጥሎ፣ አቅልቶ፣ ልጦ ለቀቀው። ቀጥሎ እንፋሎት ታዘዘ፤ ቀዳዳውን ይከፍተዋል፣ ከዚያ በበረዶ ይዘጋል ተብሎ። እርሳሱ ፎጣ ተከናንቦ ከሚፈላ ድስት ላይ አጎነበሰ። ላብ በላብ ሆኖ ትንፋሽ ሲያጥረው የእህቱን ድምፅ ከፎጣው ውጭ ሰማ።

"እግረ መንገድህን፣ ድንቹ ከበሰለ ንገረኝ።"

በመጨረሻ ባርኔጣውን ደፍቶ መድኃኒት ቤት ሄደ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት መድኃኒት ሻጭ ነበረች።

"ምን ልርዳዎት ጋሼ?"

"ለአንድ ዘመዴ ነው" አለ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ። "አፍንጫው ላይ ቀዳዳ በዝቶበታል። የሚዘጋው ነገር ካለ ብሎ ልኮኝ ነው።"

"ዘመድዎ መሐረቡን ቢያወርዱልኝ አይቼ እነግራቸው ነበር።"

እርሳሱ ግራ ቀኙን አየና መሐረቡን አወረደ። ልጅቷ ወደ መብራቱ አቅርባ አየችው።

"ሎሚ ቀብተዋል፤ አይደለም?"

"እህቴ ናት።"

"ደግመው እንዳይቀቡ፤ ቆዳዎትን ያቆስለዋል። ይኸውልዎት ጋሼ፣ የቆዳ ቀዳዳ በር አይደለም። በእንፋሎት አይከፈትም፣ በበረዶም አይዘጋም። ስፋቱን ከወላጅ ነው የሚወርሱት፤ ወዝ ሲጠራቀምበት ደግሞ ጎልቶ ይታያል።"

"ታዲያ በምን ይጠፋል?"

"አይጠፋም። አሳንሶ ማሳየት ነው የሚቻለው።"

እርሳሱ የራሱን ሙያ ከሰው አፍ ሰምቶ ትንሽ ደነገጠ። ልጅቷ ቀጠለች፤ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ አለመፈተግ፤ በጣት መጭመቅ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ፀሐይ ቆዳን ስለሚያላላው ባርኔጣው ጥሩ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስም ሰጠችው፤ ማታ ማታ፣ በስሱ፣ በየቀኑ ሳይሆን አንዳንድ ቀን እያለፈ እንዲቀባ፣ ካቃጠለው እንዲተወው፤ መጀመሪያም የሎሚው ቁስል ይዳን አለችው። ፈሳሹ በቀዳዳው ውስጥ የታጨቀውን ወዝ እያሟሟ ያወጣል።

"እስከ እሑድ ይደርሳል?"

"የትኛው እሑድ?"

"የሚመጣው።"

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። "ወር፣ ሁለት ወር ይታገሡ ጋሼ። ዘመድዎንም ይታገሡ ይበሉልኝ።"

ጠርሙሱን ይዞ ወጣ፤ ወሽመጡ ግን ተቆርጧል። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እሑድ ግን አይታገሥም።

አሁን ስለ ጨለማው ክፍል መናገር ያስፈልጋል። ፎቶ የሚታጠብበት ያ ክፍል ከአንዲት ቀይ አምፖል በቀር ብርሃን አይገባውም። በቀይ ብርሃን ደግሞ የሰው ፊት ይለሰልሳል፤ ቀዳዳው፣ ጠባሳው፣ ሽፍታው ይሸሸጋል። እርሳሱ ይህን ካወቀ ወዲህ ከመታጠቢያው ገንዳ በላይ ትንሽ መስተዋት ሰቅሏል። ጸጉሩን የሚያበጥረው እዚያ ነው። ከዓለም ሁሉ መልኩ ደስ የሚለው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ለነገው መለማመጃ ብሎ፣ ከእህቱ የሰረቀውን የፊት ፓውደር በቅባት ለውሶ በትንሽ ሳህን አዘጋጀና ጨለማው ክፍል ገባ። እዚያው መደርደሪያ ላይ ሌላ ትንሽ ሳህን ነበረች። በውስጧ ያለው ቀይ መድፈኛ ነው፤ በኔጋቲቭ ላይ የማይፈለገውን ነገር፣ ከሰው ጀርባ የገባ ግንብ ወይም ባልዲ፣ የሚሸፍኑበት ወፍራም ቀለም። ቀይ ነገር በቀይ ብርሃን ሲያዩት ነጭ ይመስላል። ይህን ፎቶ ቤት የገባ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል፤ እርሳሱ ራሱ ለስንቱ ነግሯል። ግን ልቡ እሑድ ላይ ነበረች። ሁለቱም ሳህኖች ነጭ ሆነው ታዩት። እጁን ሰደደ።

ቀለሙ ግሩም ሆኖ ተያዘ። በቀጭኗ ብሩሽ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሞላቸው፤ ሃያ ዓመት የሠራበት እጅ ነውና አልተሳሳተም። ሲደርቅ አፍንጫው ውጥር አለ። መስተዋቱ ውስጥ ያየው ያንን የፎቶውን ሰውዬ ነው። "አገኘሁህ!" አለው።

በዚያው ቅጽበት ባለ ስቱዲዮው ከመጋረጃው ማዶ ተጣራ። "እርሳሱ! ፎቶ የሚያሳምረውን ሰውዬ ካላነጋገርኩ አልነሣም ያለች ደንበኛ መጥታለች፤ ብቅ በል!"

እርሳሱ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

መጋረጃውን ሲገልጥ አንዲት ሴት ከባንኮኒው ፊት ቆማ ጓንቷን ታወልቃለች። አንገቷ ላይ ሜትር የለም፤ ቅንድቧ ግን ያው ነው፤ ወደ ላይ ተሰቅሏል። አገጯ ላይ ጠባሳዋ አለች። ነገ የምትመጣው ዛሬ መጥታለች።

"እርስዎ ነዎት ፎቶ የሚያሳምሩት?" አለች።

"እ... እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባለ ስቱዲዮው ቀና ብሎ አየውና ሳል ያዘው፤ ሳሉ ግን ሳል አልነበረም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፣ ቀረብ ብላ የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ። "እኔ ጨርቅ ስገዛ ልማዴ ነው። ሱቅ ውስጥ ጥቁር የመሰለኝ ደጅ ሲወጣ ሰማያዊ እየሆነ ስንቴ አታሎኛል። እስኪ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ይምጡልኝ።"

ስትስበው ተሳበ። በሩ አጠገብ የቀኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀ፤ የፎቶ ማሳያው መስኮት መስተዋትም ምስሉን መለሰለት። አፍንጫው ከሥር እስከ ጫፍ የበሰለ ቲማቲም ሆኗል። ክው አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ባመሰገናት።

"ነስሮት ነው!" አለ ባለ ስቱዲዮው ሊያድነው ሮጦ መጥቶ። "ሙቀት አይስማማውም። ብዙ ጊዜ ይነስረዋል፤ አይደለም እንዴ አንተ?"

መውጫ ቀዳዳ ተከፈተለት። "አዎ" ብቻ ቢል ይበቃ ነበር። እርሳሱ አፉን ከፈተ፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው ፎቶ ግን ደረቱን የወጋችው መሰለው። አንዲት ነጥብ ሳትደፍን ፎቶዋን ለላከችለት ሴት እንዴት ብሎ እውነቱን ይደፍንባታል?

"አልነሰረኝም" አለ። "ቀለም ነው። ጨለማ ውስጥ ተሳስቼ ቀባሁት። የላክሁልሽም ፎቶ... አፍንጫው የእኔ አይደለም። በእርሳስ ሠርቼው ነው። የእኔ ከዚህ ቀለም ሥር ነው ያለው፤ ወንፊት ነው።"

ባለ ስቱዲዮው ጣሪያውን አየ። ሴትዮዋ ግን፣ "አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ክር ላይ ነው የሚውለው። ፎቶው ላይ ጆሮህ የሰው ጆሮ ነው፤ አፍንጫህ ሸክላ ነው። ሁለቱ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተቀደዱ አይደሉም።"

"ካወቅሽ ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ጆሮውን ወድጄው" አለች።

ባለ ስቱዲዮው አሁን ሳቁን በሳል መሸፈኑን ተወው። እርሳሱ ጓሮ ሄዶ በውኃና በሳሙና አፍንጫውን ታጠበ፤ አለመፈተግ የሚለውን ምክር ረስቶ ፈተገው። ቀለሙ ሲለቅ ከሎሚው የተረፈው ቅላት፣ ከቅላቱም ሥር የአባቱ ቀዳዳዎች አንድም ሳይጎድሉ ብቅ አሉ። ፊቱን እያደራረቀ ወደ በሩ ብርሃን ተመልሶ ቆመ፤ እንደሚለካ ሰው እጆቹን ወደ ታች ሰድሮ።

ልብስ ሰፊዋ ከግራ አየችው። ከቀኝ አየችው።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ እንቁላል የባከነው?"

"እንቁላሉን ማን ነገረሽ!"

"ጎረቤታችሁ ምን ያልነገረችኝ አለ? ድንቹ እንኳን መብሰሉን ሰምቻለሁ።"

እርሳሱ መጀመሪያ ሊያፍር ፈለገ። አልሆነለትም። ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ አፉን በረገደው፤ ለሃያ ዓመት ከመጋረጃ በስተኋላ የተጠራቀመ ሳቅ ስለነበር ቶሎ አላለቀም።

"ጥርስማ አለው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለራሷ ይመስል። ወደ ባለ ስቱዲዮውም ዞረች። "ጋሼ፣ አሁኑኑ ያንሡልኝ። እሱን። እንዲህ እንደ ሆነ። ኔጋቲቩንም እርስዎ ራስዎ ያትሙት፤ እሱ እጅ እንዳይገባ።"

እርሳሱ ፎቶ ተነሣ። እሑድም ምሳ ተበላ። እህቱ በማዕዱ ራስ ተቀምጣ የራሷን የተበሳሳ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ "የአባቴን አፍንጫ ሊደፍን ነበር እኮ፣ እግዜር ይይልኝ!" ስትል ዋለች። ሸሚዝ መተኮስ የተወችው ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ሠርጉን እንኳን አልጠበቀችም።

ሌላው ነገር እንደ መድኃኒት ቤቷ ልጅ ቃል ሆነ። እርሳሱ ቁስሉ ሲድንለት ጠርሙሱን እንደ ታዘዘው በስሱ ተቀባ፤ ጠዋትና ማታ ሳይፈትግ ታጠበ፤ ባርኔጣውን አልጣለም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ወዙ ቀነሰ፤ ቀዳዳዎቹም ሳይጠፉ ለዓይን አነሱ። ሚስቱ ይህን ስታይ፣ "ይበቃል፤ ደግሞ ጨርሰኸው ሌላ ሰው እንዳትሆንብኝ" ትለዋለች። በሥራውም እጁ ቀለለ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሰዎች ፎቷቸው ላይ ትንሽ ትንሽ ራሳቸውን መምሰል ጀመሩ። ዳኛው ግን ይህን አልወደዱትም።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታዩ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ አፍንጫው ሰፊ፣ ቀዳዳው ከነወዙ ይቆጠራል። የግራው አፉን ገጥሞ፣ ለስላሳ አፍንጫውን ቀስሮ፣ የትም ያልኖረ ሰው ይመስላል። አዲስ እንግዳ የመጣ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

"ይሄኛው ደግሞ ማን ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ከመርፌዋ ቀና ሳትል ትመልሳለች።

"እሱማ መጀመሪያ የታጨሁለት ነው። ቀጠሮ ይዤ ብሄድ ራሱ ሳይመጣ ቀረና ይሄን ወንድሙን ላከብኝ። እንዲያው ደግ አደረገ።"

ከጓዳ የእርሳሱ ሳቅ ይሰማል።